መቻልና ማመቅ፤ የስሜት አያያዝ ከድባቴ ሕመም ጋር ስላለው ግንኙነት

ውኃን አፍልቶ መጠጣት፥ ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ ቤት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፥ የዝንብን መራቢያ ማጥፋት ለማናቸውም ቤተ ሰብ አስፈላጊ መሆኑን የዚህ ጽሑፍ አንባብያን ጠንቅቀው ያውቃሉ። እነዚህን ልማዶች ማንም ሰው ከእናቱ ማሕፀን ይዟቸው አልወጣም፤ በቤትና በትምህርት ቤት ተምሯቸዋል። ተምሯቸውም ዕለት ዕለት ካልሠራባቸው አይጠቅሙትም። ጥቅማቸውም በአንድ ቀን አይታይም፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ በልጆች ጤንነት ይታወቃል።

ስለ ኀዘን፥ ስለ ቍጣ፥ ስለ ፍርሃትና ስለ ኀፍረት ግን አብዛኞቻችን የምናስበው በሌላ መንገድ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት መከራ ደርሶባቸው አንደኛው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ሥራው ሲመለስ፥ ሁለተኛው ተሰብሮ ሲቀር ብናይ «ጠባዩ ነው፤ ተፈጥሮው ነው» ብለን እናልፈዋለን። ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሥነ ልቡና ሊቃውንት ያደረጉት ምርመራ ግን ሌላ ነገር ያስረዳናል። ሰው ስሜቱን የሚይዝበት መንገድ በብዙ በኩል ከልጅነት ጀምሮ የሚለመድ ነው፤ ይህም ልማድ ሰውዬው ከወራትና ከዓመታት በኋላ በድባቴ ሕመም ለመያዙ ወይም ላለመያዙ የራሱ ድርሻ አለው። የተለመደ ነገር ደግሞ ሊታረምና ሊሻሻል ይችላል። በዚህ እትም ይህን ጉዳይ ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች ለመግለጽ አስበናል።

ድባቴ ምን ዓይነት ሕመም ነው?

ማዘን ሕመም አይደለም። ልጁ የሞተበት አባት፥ ከሥራው የተሰናበተ ሠራተኛ፥ በፈተና የወደቀ ተማሪ ቢያዝን የሚገባ ነው። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት፥ ኀዘኑ ወይም ከነገር ሁሉ ደስታ ማጣቱ ከ2 ሳምንት ላላነሰ ጊዜ፥ በየቀኑ ማለት በሚቻል ሁኔታ፥ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ይዞ ሲቆይ ነው። ከዚህም ጋር የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መለወጥ፥ ድካም፥ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፥ ራስን እንደ ከንቱ መቍጠር፥ ተስፋ መቍረጥ፥ ሲብስም ሞትን መመኘት ይጨመሩበታል።

በአገራችን ይህ ሕመም በራሱ ስም ተጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ሕመምተኛው «ራሴን ያመኛል፤ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፤ እንቅልፍ አጣሁ፤ አቅም አነሰኝ» ይላል እንጂ «ኀዘን ጸናብኝ» አይልም። የራስ ምታቱም የጨጓራውም ሕመም እውነተኛ ነው፤ በማስመሰል የመጣ አይደለም። ነገር ግን ሰውዬው በርጋታ ሲጠየቅ፥ ከወራት በፊት የደረሰበትን፥ ለማንም ያልተናገረውን፥ ሌሊት ሌሊት ሲያወጣና ሲያወርድ የሚያድረውን ጉዳይ ይገልጻል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ምሳሌ ለቍስልና ለትኩሳት ብቻ የተነገረ አይመስለንም።

ምርመራው ምን አስረዳ?

አስተዋይ አንባቢ «የስሜት አያያዝ መበላሸት ድባቴን ያመጣል ወይስ ድባቴ የስሜትን አያያዝ ያበላሻል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰውን ከታመመ በኋላ ብቻ ብንጠይቀው ከሁለቱ የትኛው እንደ ቀደመ ለመለየት አይቻልም። መከራ ሳይደርስበት ጠይቆ፥ መከራው ካለፈ በኋላ እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ መከራ የሚመጣበትን ቀን አስቀድሞ የሚያውቅ መርማሪ የለም። አንድ ጊዜ ግን ሳይታሰብ እንዲህ ያለ አጋጣሚ ተገኘ።

ሱዛን ኖለን ሆክሴማ የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቅ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ በሚገኘው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ሆነው 137 ተማሪዎችን መጠይቅ አስሞሉ። መጠይቁ እያንዳንዱ ተማሪ በዚያን ጊዜ ምን ያህል የድባቴ ምልክት እንዳለበትና፥ ሲከፋው ምን ማድረግ ልማዱ እንደ ሆነ የሚመዘግብ ነበር። ከ14 ቀን በኋላ፥ ኦክቶበር 17 ቀን 1989 በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ በ11 ሰዓት ከ4 ደቂቃ፥ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ያን አገር መታው። 63 ሰዎች ሞቱ፤ በኦክላንድ ከተማ ባለ ሁለት ደርብ አውራ ጎዳና ተደርምሶ ብዙ መንገደኞችን ከነመኪናቸው ቀበረ።

መርማሪዎቹ ከአደጋው 10 ቀን በኋላ፥ ደግሞም ከ7 ሳምንት በኋላ ተማሪዎቹን እንደገና ጠየቁ። ምድር የተናወጠችው ለሁሉም ነበር፤ የደረሰባቸው የመንፈስ ጕዳት ግን እኩል አልነበረም። ከአደጋው በፊት የድባቴ ምልክት የነበረባቸው፥ እንዲሁም ሲከፋቸው ስለ መከፋታቸው ደጋግመው ማሰብ ልማዳቸው የነበረ ተማሪዎች፥ በሁለቱም ጊዜ ከሌሎቹ የበለጠ የድባቴ ምልክት ተገኘባቸው። ልማዱ የተመዘገበው መከራው ከመድረሱ በፊት ስለ ነበር፥ መከራው ልማዱን አመጣው ለማለት አይቻልም።

ረዘም ላለ ጊዜ የተደረገ ምርመራም አለ። በርኪንግ የተባሉት የጀርመን ሊቅና ባልደረቦቻቸው በ2014 ባሳተሙት ጥናት 116 ሰዎችን በ5 ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ጠይቀዋል። ስሜታቸውን በሚገባ ለመያዝ ይችሉ የነበሩት ሰዎች ከ5 ዓመት በኋላ የድባቴ ምልክታቸው አነስተኛ ሆኖ ተገኘ፤ በመጀመሪያው ጊዜ የነበረባቸው የድባቴ መጠን በስሌቱ ውስጥ ገብቶ እንኳ ይህ ግንኙነት አልጠፋም። ከዚህ ቀደም ብሎ በ2010 አልዳዎ፥ ኖለን ሆክሴማና ሽቫይትሰር የ114 ጥናቶችን ውጤት በአንድነት መርምረው ነበር። ከልማዶች ሁሉ ከሕመም ጋር በብርቱ ተያይዞ ያገኙት ሐሳብን ደጋግሞ ማመላለስን ነው። ስሜትን ማመቅና ከችግር መሸሽም ከሕመም ጋር ተያይዘዋል፤ መላ መፈለግ፥ ነገርን በሌላ ዓይን መመልከትና ስሜትን መቀበል ደግሞ ሕመም ከማነሱ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል።

ሐሳብን ሲያወጡና ሲያወርዱ ማደር

ላም የበላችውን ሣር መልሳ እንደምታመሰኳ፥ ሰውም ያለፈውን ነገር ከሆዱ እያወጣ መልሶ ያኝካል። ላሚቱ ግን ከማመስኳቷ ወተት ታገኛለች፤ ሰውዬው የሚያገኘው ድካም ብቻ ነው። ለምሳሌ አንድ መምህር በጓደኞቹ ፊት በርእሰ መምህሩ ተወቀሰ እንበል። ማታ መኝታው ላይ ሆኖ «ለምን እንዲህ አለኝ? ለምን እኔን ብቻ? እኔስ ለምን ዝም አልኩ? ድሮም ዕድሌ ይኸው ነው» እያለ እስከ እኩለ ሌሊት ይቆያል። እርሱ ጉዳዩን እየመረመረ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አንድም የተለየ ሐሳብ አላገኘም፤ ያንኑ ይደጋግማል።

ኖለን ሆክሴማና ተማሪዎቻቸው ይህን በቤተ ሙከራ ፈትነውታል። የከፋቸውን ሰዎች በሁለት ከፍለው፥ አንደኛው ክፍል ለ8 ደቂቃ ያህል ስለ ራሱና ስለ ስሜቱ፥ ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ስለ ሌላ ነገር፥ ለምሳሌ በሰማይ ላይ ስለሚሰበሰብ ደመና፥ እንዲያስብ አደረጉ። የመጀመሪያዎቹ ኀዘናቸው ሲበረታ፥ የሁለተኛዎቹ ቀለል አለ። በ1995 በታተመው ተመሳሳይ ምርመራ ደግሞ፥ ስለ ራሳቸው ሲያመላልሱ የቆዩት ሰዎች ከባልንጀራ ጋር ለሚነሣ ችግር ያቀረቡት መላ ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። በ8 ደቂቃ ይህን ያህል ካደረገ፥ በየሌሊቱ ለብዙ ሰዓት፥ ለብዙ ወራት ሲደጋገም ምን ሊያደርግ እንደሚችል አንባቢ ይገምት።

ስለዚህ ጠቃሚውን አስተሳሰብ ከጎጂው የምንለይበት አንድ ቀላል ምልክት እንስጥ። አስተሳሰቡ «ለምን እኔን?» እያለ የሚዞር ከሆነ የሚጎዳ ነው። «ነገ ጠዋት ምን ላድርግ? ለማን ልናገር?» ወደሚል የሚያደርስ ከሆነ የሚጠቅም ነው። ያ መምህር «ነገ በዕረፍት ሰዓት ርእሰ መምህሩን ለብቻቸው አነጋግራለሁ» ብሎ ቢቈርጥና ቢተኛ ሌሊቱን አያጣውም ነበር።

ስሜትን ማመቅ

ሁለተኛው ልማድ ስሜትን በሆድ አምቆ፥ ፊትን አሳምሮ መኖር ነው። የስታንፎርዱ ሊቅ ጄምስ ግሮስ በ1998 ባሳተሙት ምርመራ፥ የሰው ክንድ በቀዶ ጥገና ሲቈረጥ የሚያሳይ ፊልም ለብዙ ሰዎች አሳዩ። አንዳንዶቹ ያለ ምንም ትእዛዝ ተመለከቱ፤ አንዳንዶቹ የሚሰማቸው ነገር በፊታቸው ላይ እንዳይታወቅ ታዘዙ፤ ሌሎቹ ደግሞ ፊልሙን ስሜት ሳይጨምሩ፥ ሙያዊ ነገር እንደሚመለከት ሰው ሆነው እንዲያዩ ታዘዙ። ፊታቸውን የከለከሉት ሰዎች ከውጭ የተረጋጉ መሰሉ፤ የውስጥ ስሜታቸው ግን አልቀነሰም፤ ሰውነታቸውም በውጥረት ላይ መሆኑ በመሣሪያ ታወቀ። አስቀድመው የሚያዩበትን ዓይን የለወጡት ግን የተሰማቸው ስሜት ራሱ ቀለል አለላቸው። ግሮስና ጆን በ2003 ደግሞ፥ ማመቅን ልማድ ያደረጉ ሰዎች የድባቴ ምልክታቸው ከፍ ያለ፥ ከሰው የሚያገኙት ድጋፍም ያነሰ መሆኑን አስረድተዋል። ሰውዬው ስሜቱን ስለሚሰውር የሚያጽናናው ያጣል፤ የሚያጽናናው ስላጣም ይበልጥ ይሰውራል።

የአገራችን ልማድና መቻል

አንዳንድ አንባብያን «እኛ ችለን የኖርን ሕዝብ ነን፤ ሆድን በየመንገዱ መዘርገፍ ከጨዋነት አይደለም» ይሉን ይሆናል። ይህን ቃል አንንቀውም። ከላይ የጠቀስናቸው ምርመራዎች የተደረጉት በአሜሪካና በአውሮፓ ነው። በ2011 ሶቶና ባልደረቦቻቸው አሜሪካውያንንና የሆንግ ኮንግ ቻይናውያንን ሲያወዳድሩ፥ ስሜትን አለመግለጽ ከአሜሪካውያን መንፈሳዊ ጕዳት ጋር ሲገናኝ፥ በቻይናውያኑ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ግንኙነት አላገኙም። እንግዲህ በታላቅ ፊት ዝም ማለት፥ በእንግዳ ፊት እንባን መግታት በራሱ ሕመም አይደለም።

በአማርኛችን «ቻለው» የሚለው ቃል ግን ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው፥ ኀዘኑ መኖሩን ዐውቆ፥ ምን እንደ ሆነ ለይቶ፥ ክብደቱን ተሸክሞ ሥራን መሥራት ነው። ሁለተኛው፥ ኀዘኑን ለራስም ሳይቀር መካድ፥ የቅርብ ሰው ሲጠይቅ እንኳ «ምንም አልሆንኩም» ብሎ መመለስ ነው። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ጎረቤትም ሁለቱንም «ጠንካራ ነው» ብሎ ያመሰግናል። የመጀመሪያው ግን መቻል ሲሆን ሁለተኛው ማመቅ ነው። በርኪንግ ባዘጋጁት የስሜት አያያዝ ማሠልጠኛ ስሜትን መቀበልና መቻል ራሱን የቻለ አንድ ትምህርት ሆኖ ይሰጣል።

አባቶቻችንም ልዩነቱን ያውቁት ነበር ለማለት ያስደፍራል። በለቅሶ ቤት ኀዘንተኛው በግልጽ ያለቅሳል፤ ድንኳን ይተከላል፤ የእድር ሰዎች ምግብ ይዘው ይመጣሉ፤ ኀዘንተኛውን ብቻውን አይተዉትም። በኋላም ሥልስቱ ሲያልፍ «በቃህ፤ ተነሥ» ብለው ወደ ሥራው ይመልሱታል። ኀዘን ቦታና ጊዜ ተሰጥቶታል፤ ምስክርም አለው። ነገር ግን ሰው ለሞተበት ድንኳን ሲተከል፥ ትዳሩ ለፈረሰ፥ ዕዳ ለገባ፥ ልጁ በስደት ላይ ለጠፋበት፥ በፈተና ለወደቀ የሚተከል ድንኳን የለም። አምቆ መያዝ የሚበዛው እንዲህ ባለው ኀዘን ላይ ነው።

ሊለመዱ የሚገባቸው ነገሮች

1ኛ። የስሜትን ስም መለየት። «ከፍቶኛል» ከማለት አልፎ «ተናድጃለሁ፤ አፍሬአለሁ፤ ፈርቻለሁ፤ ናፍቄአለሁ» ብሎ መለየት ያስፈልጋል፤ የእያንዳንዱ መፍትሔ ልዩ ልዩ ነውና።

2ኛ። ከማመላለስ መነሣት። ሐሳቡ መዞር ሲጀምር ከተቀመጡበት ተነሥቶ እጅና እግርን የሚያሠራ ሥራ መያዝ ይጠቅማል። መንገድ መሄድ፥ ልብስ ማጠብ፥ ጓሮ መኰትኰት፥ ጎረቤትን ቡና ማጣጣት ሁሉ ለዚህ ይሆናሉ። በመጠጥና በጫት መሸሽ ግን ሐሳቡን ለጥቂት ሰዓት ደብቆ በማግሥቱ አብዝቶ ይመልሰዋል።

3ኛ። ነገሩን በሌላ ዓይን መመልከት። «ይህ ነገር በወንድሜ ላይ ቢደርስ ምን ብዬ እመክረው ነበር?» ብሎ ራስን መጠየቅ መልካም ነው። ይህ ማለት ክፉውን መልካም ነው ብሎ ራስን ማታለል አይደለም።

4ኛ። ከሰው ጋር መላ መፈለግ። በዚህ ረገድ የዚምባብዌ ምሳሌነት ለእኛም ይጠቅማል። ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉት የአእምሮ ሐኪም ከ2006 ጀምሮ በሐራሬ ከተማ ከጤና ጣቢያዎች አጠገብ አግዳሚ ወንበር አስቀምጠው፥ የሠለጠኑ አሮጊቶች የተጨነቁትን ሰዎች እንዲያነጋግሩ አደረጉ። የዚያ አገር ሰዎች በሾና ቋንቋ ሕመሙን ኩፉንጊሲሳ ይሉታል፤ ትርጓሜውም «ሐሳብ ማብዛት» ነው። አሮጊቶቹ በመጀመሪያ ሰውዬው የችግሮቹን ዝርዝር እንዲናገር ያደርጋሉ፤ ከዚያም አንዱን መርጦ በዚያ ሳምንት ሊሠራው የሚችለውን አንድ ነገር እንዲወስን ይረዱታል። በ2016 በታተመው ጥናት በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች ተመርምረው፥ በወንበሩ ላይ የተረዱት ሰዎች ከ6 ወር በኋላ የተለመደውን እርዳታ ካገኙት ይልቅ የድባቴ ምልክታቸው ቀንሶ ተገኝቷል።

5ኛ። ሊለወጥ የማይችለውን መቻል። የሞተ አይመለስም፤ ያለፈ ዓመትም እንዲሁ። በዚህ ጊዜ ስሜቱ እንደ ማዕበል መጥቶ እንደሚመለስ ዐውቆ፥ በርጋታ እየተነፈሱ ማሳለፍን መልመድ ይገባል።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን አይገኙም፤ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፥ በትናንሹ ኀዘን ላይ የተለማመደ በትልቁ ጊዜ አይቸገርም።

ለመምህራን

በ2022 እና በ2023 በተሰጠው የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከ100 ተፈታኞች 4 አይሞሉም ነበር። እንግዲህ ድንኳን የማይተከልለት ኀዘን በስንት ቤት እንደ ገባ መገመት ይቻላል። መምህሩ ለወደቀው ተማሪ «አይዞህ፤ ምንም አይደል» ብሎ ከመሸኘት ይልቅ፥ «ማዘንህ የሚገባ ነው» ብሎ አስቀድሞ ኀዘኑን ይመስክርለት። ቀጥሎም «በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ?» ብሎ ይጠይቀው። በሌላው ፊት «ሰነፍ» እያሉ ማሳፈር፥ ወንዱን ልጅ «እንደ ሴት አታልቅስ» እያሉ መገሠጽ ማመቅን ማስተማር ነው። ልጆች ከመምህራቸው ንግግር ይልቅ ጠባዩን ይከተላሉ፤ ሲናደድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሁን ተናድጃለሁ፤ ጥቂት ቆይተን እንነጋገራለን» የሚል መምህር በዚያች ደቂቃ ትልቅ ትምህርት ሰጠ።

ይጫወት የነበረ ልጅ ዝም ሲል፥ ትጉህ የነበረው ሲቀር፥ ምግብና ጓደኛ ሲያስጠላው፥ ይህም ከ2 ሳምንት በላይ ሲቆይ፥ መምህሩ ከወላጆቹ ጋር ተነጋግሮ ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሰው።

ወደ ሐኪም መሄድ የሚያስፈልግበት ጊዜ

ይህን ሁሉ ስንል ድባቴ የያዘውን ሰው «ስሜቱን መያዝ ስላልቻለ ነው» ብሎ እንዲወቅሰው ለማንም ፈቃድ መስጠታችን አይደለም። የዘር ውርስ፥ ድህነት፥ ጦርነት፥ የሥጋ ሕመም፥ ወሊድም ሳይቀር ድርሻ አላቸው። ሕመሙ ከጸና በኋላ ደግሞ ስሜትን ለመያዝ የሚያስፈልገውን አቅም ራሱ ይወስዳል፤ እግሩ የተሰበረን ሰው ሩጥ እንደማይሉት ሁሉ፥ ለእርሱም ምክር ብቻውን አይበቃውም። ለድባቴ የሚጠቅም መድኃኒትና በንግግር የሚሰጥ ሕክምና አለ። ጸበል የሚጠመቅ ወይም ዱዓ የሚደረግለት ሰው ጸሎቱን ይቀጥል፤ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ግን አያቋርጥ።

ማንም ሰው «ብሞት ይሻለኛል» ቢል እንደ ቀልድ አይታለፍ። ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደ ሆነ በግልጽና በርኅራኄ መጠየቅ ያንን ሐሳብ አያሳድርበትም፤ ለብዙዎች እፎይታ ይሰጣል። ብቻውን አይተውት፤ የተባይ ማጥፊያ መርዝና የመሳሰለውን ከቤት ያርቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ማጠቃለያ

ኀዘን ወደ ቤታችን እንዳይገባ ለመከልከል ለማንም አልተሰጠም። በገባ ጊዜ የምናስተናግድበትን ልማድ ግን ዛሬ ከትናንሹ ነገር ጀምሮ ልናስተካክለው እንችላለን። እጁን መታጠብን ለልጁ ያስተማረ ወላጅና መምህር፥ ኀዘኑን በስሙ ጠርቶ ለሚያምነው ሰው መናገርን፥ ከማመላለስ ተነሥቶ አንድ ሥራ መያዝን እንዲሁ ያስተምር። አንባብያን ሆይ፥ ዛሬ ማታ ከቤተ ሰብ ጋር ቡና ስትጠጡ፥ ከመካከላችሁ ሰሞኑን ዝም ያለውን ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ «ምንም» ብሎ ቢመልስም ነገ ደግማችሁ ጠይቁት።